ትርፏ የወረፋ ቁጥር

አክስቴን ድርጅታችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «እትዬ ቫዝሊን» ነው የሚሏት፤ አለቆቹም ጭምር። የሆስፒታል አንሶላ የሚያጥብ ድርጅት ነው፤ ሠራተኞቹ በሙሉ ከሌላ አገር የመጣን ነን። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችን ሊያበቃ ሲል ኢሚግሬሽን ይዛን የምትሄደው እሷ ናት። ድሮ እንደኛው አጣቢ ነበረች። ቋንቋውን ከሁሉም ቀድማ ስለለመደች ከገንዳው አውጥተው ይህን ሥራ ሰጧት።

ቫዝሊኑ ለምን መሰላችሁ? በረኪና የጣት አሻራ ይበላል። ዓመት ሁለት ዓመት አንሶላ የነከረ ሰው ጣቱ ሙልጭ ይላል። አሻራ የሚያነበው መስታወት ደግሞ የሚያነበው ካጣ፣ ሰውዬው ፊቱ ተገትሮም ቢሆን የለም ነው የሚለው። ስለዚህ አክስቴ በፔርሙዝ ሙቅ ውሃ፣ ፎጣና ቫዝሊን ይዛ ትሄዳለች። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እጃችንን ጭኗ ላይ አድርጋ ታሻለች፣ ትቀባለች፣ ትጠርጋለች። መስታወቱ አረንጓዴ እስኪያበራ ድረስ እጅ አትለቅም። አንድ ግንድ የሚያክል ሾፌራችን እንደ ሕፃን እጁን ተይዞ ወደ መስኮቱ ሲሄድ አይቼ በሳቅ ሞቻለሁ።

ሌላው ልማዷ ግን አያስቅም። ባለጉዳዩን ወንበር ላይ ካስቀመጠች በኋላ ወደ በሩ ተመልሳ ከማሽኑ አንድ ትርፍ የወረፋ ቁጥር ትስባለች። ቁጥሩ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ይበራል፣ ይጠራል፤ የሚነሳ ሰው የለም። አክስቴ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ትቀመጣለች። ቁጥሩ ከሰሌዳው ሲጠፋ ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። አንድ ቀን ምላሴ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ «እትዬ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አንዲት ልጅ ነበረች» አለችኝ። «ዝምተኛዋ ነበር የምንላት። ይህን ሥራ ስጀምር መጀመሪያ ይዣት የሄድኩት እሷን ነው። መስታወቱ እምቢ አላት። ያኔ ቫዝሊኑንም አላውቀው። ሌላ ቁጥር አምጡ አሉን። እጇን ይዣት ነበር፤ በረዶ ሆኗል። ‹መጣሁ፣ ከዚህ እንዳትነሺ› ብዬ ለቀቅኳት። ቁጥሩን ይዤ ስመለስ ሹራቧ ወንበሩ ላይ አለ፣ እሷ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ።»

ካርዱ ካልታደሰ ይይዙኛል ብላ ፈርታ ነው የሚሉ አሉ። ሌላ ከተማ ተደብቃ ሳህን ታጥባለች የሚሉ አሉ። ወንዝ ገብታ ይሆናል የሚሉም አልጠፉም። አክስቴ አንዱንም አትቀበልም። ሹራቡ ታጥቦ ቁም ሳጥናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ቴሌቪዥን እያየን እንኳ ቀኝ እጇን ትጨብጣለች፣ ትዘረጋለች፤ «በረደኝ» ትላለች። የሚበርዳት ያ አንዱ እጅ ብቻ ነው። እኔ መንፈስ ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም። ከዚያ ቁም ሳጥን ልብስ ሳወጣ ግን ሹራቡን እንዳልነካው እጠነቀቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ተራው የኔ ሆነ። ድርጅቱ ደብዳቤዬን ሲያጓትት ሰንብቶ የሰጠኝ ልክ ካርዴ በሚያበቃበት ቀን ነው። ያን ቀን ካልታደሰ ሥራም መኖሪያም አይኖረኝም። አክስቴ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ እንደ ልማዷ ትርፍ ቁጥሯን ስባ መጣች፤ ከዚያ እጄን ታሸው ጀመር። ጣቶቼን እያገላበጠች፣ «መቼ ነው እንዲህ የሆንሽው?» አለች።

መስታወቱ ቀይ አበራ። ጠራርገን ደገምን፤ ቀይ። ባለመስኮቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን፣ «አዲስ ቁጥር ይዛችሁ ኑ» አለች። አክስቴ እጄን እንደያዘች አብረን ወደ ማሽኑ ሄድን። የዛሬው ቁጥር አልቋል የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

አክስቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቆመች። የዝምተኛዋ ቁጥር እዚያ ውስጥ እንዳለች ሁለታችንም እናውቃለን። ሌላ ሰው አሻራው እምቢ ሲለው አዲስ ትስብለታለች እንጂ ያቺን ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ስጪኝ አላልኳትም።

ቁጥሯ ሰሌዳው ላይ በራች። አክስቴ በሩን አየች። አንድ ሽማግሌ ገባ፣ አንዲት ባለ ጋሪ እናት ገባች፤ ሌላ የገባ የለም። ቁጥሯ እንደገና ተጠራች። ያኔ እጄን ሳብ አድርጋ፣ «ነይ» አለችኝ።

በሌላኛው መስኮት የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀቷን ተቀብሎ፣ «ያንቺ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የሷ ነው» አለች አክስቴ። ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከመስታወቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ጣቶቼን አሸቻቸው። ቀኝ እጇ ሲነካኝ ዘገነነኝ፤ የሰው እጅ እንዲያ አይቀዘቅዝም። አረንጓዴው በራ።

ደጅ ስንወጣ አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ደረጃው ላይ ቆማ ወደ ኋላ ዞረች።

«አሁን ብትመጣ ምን እላታለሁ?» አለች።

ክንዷን ይዤ ደረጃውን አወረድኳት።

ከዚያን ቀን ወዲህ አክስቴ ትርፍ ቁጥር ስባ አታውቅም። «የሷን ለሰው ሰጥቼባት በምን ዓይኔ» ትላለች። ስለዚህ ሰዎቹን ይዛ ስትሄድ አለቃዬን አስፈቅጄ እከተላታለሁ፤ ትርፏን እኔ እስባለሁ። ቁጥሩ በርቶ የሚነሳ ሲጠፋ አክስቴ መሬት መሬቱን ታያለች። በሩን የማየው እኔ ነኝ።