ቀዳዳ ያለው እምነበረድ

ፍሪጁን የወሰዱት ይውሰዱት። ምድጃውንም፣ ፍራሹንም፣ ከግድግዳው የነቀሉትን ማብሪያ ማጥፊያ ሳይቀር ይውሰዱት። ጦርነቱ ጋብ ብሎ ወልድያ ስመለስ ቤቴ ባዶ እንደሚሆን አውቄ ነው የተመለስኩት፤ ሸሽቼ በከረምኩበት ደብረ ብርሃን የስንቱን ቤት ወሬ ሰምቻለሁ። ያላሰብኩት የኩሽናዬን እምነበረድ ነው። አባቴ ሳይሞት በገዛ እጁ የሠራልኝ የዋንዛ ካቢኔት በሮቹ ተዘግተው ቆሟል፤ ከላዩ የነበረው እምነበረድ ግን የለም። አናቱ ክፍት ነው። ሳህን የነበረበት ቦታ ያለውን የአይጥ ኩስ ከላይ ሆኜ አየዋለሁ።

ቆሽቴ ያረረው በመወሰዱ ብቻ አይደለም፣ በአወሳሰዱ ነው። ሌላውን ሁሉ ሰብረውና ገነጣጥለው ነው የወሰዱት። እምነበረዱን ያነሳ ሰው ግን ማጣበቂያውን ዙሪያውን በቢላ ፈልቅቆ፣ የዕቃ ማጠቢያውን አውጥቶ ጥግ አስደግፎ፣ ዋንዛውን አንዲት ጭረት ሳያስነካ ነው የሄደው። ይሄ የቸኮለ ሌባ ሥራ አይደለም። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ቁልፌን የሰጠሁት ደግሞ ለጎረቤቴ ነው፤ ቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ ብለው ከልጃቸው ጋር ለቀሩት።

ሻንጣዬን ሳልፈታ ሄድኩ። ከሃያ ዓመት በላይ እትዬ ስላቸው የኖርኩ ሴት ናቸው። ጥቁር ለብሰው በራቸው ላይ ቆመዋል። ጥቁሩን አይቻለሁ፣ አላየሁም አልልም። ግን ያኔ ወልድያ ውስጥ ጥቁር ያልለበሰ ማን ነበር? እንኳን ለዚህ አበቃዎ አላልኩም። ማን ተረፈ፣ ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኩም።

«እትዬ፣ እምነበረዴን ማን ነው የወሰደው?» አልኳቸው።

«ለዚህ ነው የመጣሽ?» አሉኝ።

«ለሌላ ለምን እመጣለሁ?»

በሩን ዘጉት። ቢያንስ አላውቅም አይሉም? የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል ያለው ሰው የኔዋን አላያትም ብዬ እየተነጫነጭኩ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር አፍ አልገጠምኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴን እየጠረግሁ አጥር ለአጥር ስረግማቸው ሰነበትኩ።

በአራተኛው ቀን ግንበኛ አስመጣሁ፣ የመርሳ ሰው ነው። ካቢኔቱን አንዴ በእግሩ ነካ አደረገና ይሄን አሮጌ እንጨት አውጥተን ከሥር ጀምሮ በብሎኬት እንሥራው አለኝ። ደሜ ፈላ። ዋንዛው ከግራና ከተማ እንደመጣ፣ ወለሉ ወደ ግራ ስለሚያዘነብል አባቴ የግራውን እግር በሁለት ጣት እንዳስረዘመው፣ እምነበረዱ ላይ ውሃ ቢፈስ እንኳ ወዲያ ወዲህ እንደማይል አንድ በአንድ ነገርኩት። የሚነሳ ነገር የለም፣ ከላይ ብቻ ነው የምትሠራልኝ አልኩት። እሺ፣ ጣውላ ዙሪያውን ገጥሜ፣ ብረት አስሬ ሲሚንቶ አፈስበታለሁ አለ። የቁጣዬ ነገር ገርሞት ነው መሰለኝ ክርክሩን ትቶ መለካት ጀመረ።

የዕቃ ማጠቢያው ቀዳዳ የት እንደነበር በእጄ አሳየሁት። ሜትሩን ዘርግቶ ሲለካ ቆየና ቀና አለ። ሰሞኑን ሥራው ሁሉ መቃብር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ልክ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ያለው እምነበረድ አይቷል። መቃብር ላይ ተኝቷል፤ ቀዳዳውም በጠጠር ተሞልቷል አለኝ።

«የማን መቃብር?» አልኩት።

በሜትሩ የጎረቤቴን አጥር አሳየኝ። «የእሳቸው ልጅ።»

«የትኛው ልጃቸው?»

«ስንት አላቸው?» አለኝ።

አንድ ነው ያላቸው። እጄ ላይ ነው ያደገው።

የሰማውን ነገረኝ። ልጁ ሲሞት ጉልበት ያለው ሰው ሁሉ ሸሽቶ ነበር፤ እናትየውና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው የቆፈሩት፣ ጥልቅ አላደረጉትም። በመጀመሪያው ሌሊት ጅብ አፈሩን ጭሮት አደረ። ጠዋት እናትየው ቁልፌን ይዘው ኩሽናዬ ገቡ፤ እምነበረዱን ከሽማግሌዎቹ ጋር በእጅ ጋሪ ጭነው ወሰዱለት።

አበስኩ ገበርኩ! ልቅሶ መድረስ ሲገባኝ ልጅ የቀበረች እናት ደጃፍ ላይ ቆሜ ድንጋይ ጠየቅኩ። ለሌላ ለምን እመጣለሁ አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በምን እመልሰዋለሁ? እናትን ስለ አንድ ልጇ ከጅብ ጋር ያታገለ ጦርነት ድፍት ይበል። ከሱ ቀጥሎ የሚረገም ካለ እኔ ነኝ። ግንበኛውን ሲሚንቶህን አፍስ፣ ድንጋዩን አልፈልግም አልኩትና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ።

እትዬ ቤት ስገባ አልተነሱልኝም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን አይናቸው ደረቅ ነው። ሲወጣልኝ ደግሞ ድፍረቴ፣ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ተቆጣኋቸው። ልጅ የሞተበት ሰው በየበሩ እየዞረ ሞተብኝ ይላል ወይ አሉኝ። ሰምቼ የቀረሁ መስሏቸው፣ ሦስቱን ቀን እሳቸውም ሲረግሙኝ ነው የሰነበቱት። እኔም እንደዚያው አልኳቸው።

«ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሐውልት አሠርቼለት ያንቺን እመልስልሻለሁ» አሉ።

«ቢያነሱበት እሰብረዋለሁ!» አልኳቸው፤ ጮኼ ነው ያልኩት። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም።

ገና ያኔ አለቀሱ።