ሳይለምኑ መቀመጥ ይፈቀዳል

ምርቃት የሚሏት እናቷ ያወጣችላት ስም ሆኖ አይደለም። ሳንቲም ለጣለላት ሰው ሁሉ የምታወርደው ምርቃት ከባንኩ ደረጃ ተነስቶ መኪና ማቆሚያው ድረስ ስለሚሸኘው ነው። «እጅህን አይንሳህ፣ ደጅህን አይዝጋው፣ ከሐኪም ደጅና ከዳኛ ፊት ይሰውርህ፣ ዘርተህ ቃም፣ ወልደህ ሳም» ትልና ሰውየው ርቆ ከሄደም በኋላ ጀርባውን እያየች ትቀጥላለች። ብድር ሊጠይቅ የሚገባ ነጋዴ አስቀድሞ እሷ ጋ ቆም ይል ነበር። ብድሩ ከተፈቀደለት «ምርቃቷ ሠራ» ይላል፤ ከተከለከለ ግን የሚረግመው ባንኩን ነው። ሲሳካ የሚያስመሰግን፣ ሲከሽፍ የማያስወቅስ እንዲህ ያለ ሥራ እኔም ባገኘሁ።

ፍርሃቷን ካላወቀ ግን ማንም አይቅናባት። ምርቃት ደረጃው ሥር በተቀመጠችበት ሰዓት ሁሉ ባሏ ከውጭ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተኝቷል። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነበር። የፎቅ መስኮት ሲቀባ የቆመበት እንጨት ከዳውና ወደቀ። ከሞት ተረፈ፤ የሚታዘዙት ግን አፉና ቀኝ እጁ ብቻ ሆኑ። ራሱን ችሎ መገላበጥ አይችልም። ውሃ ሲጠጣም ማጅራቱን ደግፎ የሚይዘው ሰው ከሌለ ትን ይለዋል። ጠዋት ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ በአንድ ጎኑ አስተኝታው ትወጣለች። እኩለ ቀን ላይ እየተጣደፈች ተመልሳ ታገላብጠዋለች፤ ውሃውን አጠጥታው ደግሞ ወደ ደረጃዋ ትሮጣለች። የግቢው ተከራዮች ሁሉም ሠራተኞች ስለሆኑ ሳይመሽ ሰው የሚባል አይገኝም። አንድ ጊዜ በሩን ገርበብ አድርጋ ብትሄድ ሌባ ገብቶ፣ ባሏ ዓይኑ እያየ፣ ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ትቆልፋለች።

እሱ የሚያውቀው ሚስቱ ባንክ ውስጥ ወለል እንደምትወለውል ነው። ጤነኛ ሳለ «ለምኖ ከመብላት ተኝቶ መሞት ይሻላል» እያለ የሚኮራ ሰው ነበር። መተኛቱን ተኛ፤ መሞቱን ግን እሷ እምቢ አለች። እምቢታዋ ምን እንደሚያስከፍላት ሳትነግረው ይኸው ስንት ዘመናቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው።

ልመናን የሚከለክለው ደንብ ሲወጣ በመብራት እንጨቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያነበበላት የባንኩ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ለሰው የሚራራ፣ ወሬ ግን አንድ ሰዓት የማያድርበት ሰው ነው።

«በባንክ፣ በገንዘብ ማውጫ ማሽንና በአውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ መለመን ክልክል ነው» ብሎ ጀመረ። «መንገደኛ መከተል ክልክል፣ ልብስ መንካት ክልክል፣ እጅ ዘርግቶ ወይም ድምፅ አሰምቶ መጠየቅ ክልክል።»

«መሞትስ?» አለች ምርቃት።

«እሱን አልጻፉትም፤ ይፈቀዳል መሰለኝ።»

ተሳሳቁ። ዘበኛው ወደ ወረቀቱ ግርጌ ወረደ። መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ፣ ሦስተኛ ላይ ተጭኖ ከከተማ ውጭ ወዳለው መጠለያ። «ወንዱ በአንድ ግቢ፣ ሴቷ በሌላ ግቢ ነው አሉ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያንን ዓይነ ስውር ከነሚስቱ ወስደውት የለ? ሰውየው እዚያው ቀረ። ምግብ መቅረቡን የሚነግረው እንኳ አጥቶ ነው ይባላል፣ እማማ።»

የምርቃት ሳቅ እዚያው ላይ ቆመ።

ምክሩንም ማስጠንቀቂያውንም ቶሎ ጨረሰቻቸው። አንዱን እጇን ዘርግታ፣ ሌላውን ደግሞ አንድ ሽማግሌ እየመረቀች ተከትላ። ሁለቱንም ጊዜ የያዘቻት ለማኞች «ፊሽካ» የሚሏት ደንብ አስከባሪ ናት፤ አጭር፣ ወጣት፣ ፊሽካዋን ከአፏ የማታወርድ። «ከእንግዲህ የሚቀርሽ መኪናው ነው» አለቻት። አንቺ ስትላት ምርቃት ቅር አላላትም። ስለ መኪናው ስትሰማ ግን አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

መላ ያመጣላት ያው ዘበኛ ነው። «ደንቡ መቀመጥ ይከለከላል አይልም። መለመን ነው የሚለው። ሳይለምኑ መቀመጥ ይፈቀዳል። እጅዎን ነጠላዎ ውስጥ ይክተቱ፣ አፍዎን ይዝጉ፣ ቁጭ ይበሉ። የሚሰጥ ይሰጣል።»

እንዳላት አደረገች። እጇን ሸሸገች፣ አፏን ዘጋች። ሰው ሳንቲም ሲጥልላት ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ ከዚያ ወዲያ ወፍ የለም። ያልመረቀችበት ገንዘብ የሰረቀችው ይመስላት ነበር። የለመዷት ሰዎችም ተቀየሟት። «እማማ ምርቃትም እንደ ሀብታም መኮፈስ ጀመሩ» ብሎ ያለፋት ነጋዴ አለ። እሷ ግን ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ነፍስና ሥጋዋ ይላቀቃሉ። የትራፊክ ፖሊስ ሲነፋ ትደነግጣለች፤ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ የኳስ ዳኛ ሲነፋ ትደነግጣለች። ባሏን የምታስበው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መልክ ነው፤ ተጠምቶ፣ በሩን እያየ፣ እሷ ሳትመጣ ቀኑ ሲመሽ፣ ሌላም ቀን ሲመሽ። ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጻ ለዘበኛው ልትሰጠው አስባ ነበር። ግን ዘበኛው አንድ ቀን ባሏ ዘንድ ከገባ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያወራው የደረጃውን ነገር ነው። ተወችው። እኔ ብሆን እሰጠው ነበር፤ መፍራትን ግን እንደ እሷ አላውቅበትምና አልፈርድም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዘበኛው ፈረቃው ባልሆነበት ቀን፣ ፀሐይ ወደ አናት ስትጠጋ፣ ምርቃትም ወደ ቤት ለመሄድ ልትነሳ ስትል፣ ከባንኩ አንዲት ሴት ወጣች። ደህና ለብሳለች፤ ዓይኗ ግን በልቅሶ አብጧል። ጎንበስ ብላ ገንዘብ ጉልበቷ ላይ አኖረችላትና አልሄድ አለች።

«እማማ፣ ልጄ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታለች። ይመርቁልኝ።»

ምርቃት ግራና ቀኝ አየች። ደንብ አስከባሪ አይታይም፣ ፊሽካም አይሰማም። «በልቤ እመርቅልሻለሁ፣ ልጄ» አለች በሹክሹክታ።

«በልብዎ አይሆንልኝም። ልስማው። በእናትዎ እለምንዎታለሁ።» ይህን ብላ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች።

ምርቃት ስንት ዓመት ሰው ለምናለች፤ ሰው ለምኗት ግን አያውቅም። ቀስ ብላ ጀመረች። «ልጅሽን ይማርልሽ። የሐኪሙን እጅ ያለስልስላት። በእግሯ ትውጣልሽ።» ሴትየዋ «አሜን» አለች። በዚያች አሜን ምርቃት ራሷን ረሳች። ያን ሁሉ ጊዜ የታፈነው ምርቃት መውጫ አገኘ፤ እጆቿ ሳታውቃቸው ከነጠላው ወጥተው ወደ ላይ ተዘረጉ፣ ድምፅዋም ከፍ አለ። «ትጡርሽ፣ ትቅበርሽ፣ ልጅሽን ከመቅበር ይሰውርሽ! የደስታ ልቅሶ እንጂ ሌላ አታልቅሺ!» መንገደኛው ቆመ። አንዱ «አሜን» ብሎ ሳንቲም ጣለ፤ ሌላውም ጣለ።

ያኔ ፊሽካው ተነፋ።

እጅ ተዘርግቷል፣ ድምፅ ተሰምቷል፣ ገንዘብ ጉልበት ላይ ወድቋል፣ ያውም በባንክ ደጅ። ሴትየዋ «የለመንኳት እኔ ነኝ! እሷ ምን አደረገች?» ብላ ጮኸች። ፊሽካ «ለማኝን መለመን በደንቡ ውስጥ የለም» ብላ የምርቃትን ክንድ ያዘች። ወደ መኪናው ጀርባ ሲያወጧት እንኳ ዓይኗ የሚያየው ሰማዩን ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች።

መኪናው ሸራ የለበሰ ሲሆን ውስጡ በሰው ተሞልቷል። ፊሽካ በመውጫው በኩል እግሯን አንፈራጣ ተቀመጠች። መኪናው ሲነሳ ምርቃት ማስላት ጀመረች። ከተናገረች ባሏንም ይጭኑታል፤ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ፤ የዚያ ዓይነ ስውር ዕጣ ይደርሰዋል። ካልተናገረች ደግሞ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ሁለቱንም ፈራች። የምትፈራውን ከምትፈራው ጋር ስታመዛዝን፣ የለመደችው መንገድ ከኋላ እየራቀ ሄደ። ወደ ቤቷ የሚያስገባውን መታጠፊያ ሲያልፉት ግን ከአቅሟ በላይ ሆነ።

«ቤት የተኛ ባል አለኝ፣ ልጄ!»

ፊሽካ ዞር እንኳ አላለችም። «በዚህ መኪና የተወራላቸው የተኙ ባሎች ቢሰበሰቡ ሆስፒታል ይሞላሉ።»

ክራንች የያዘ ሰውዬ ከጥግ ሳቀ። «የኔም ሚስት ተኝታለች» አለ። ሚስት እንደሌለው ሁሉም ያውቃል።

ምርቃት በባሏ ስም አንድም ቀን ለምና አታውቅም። ክፉ ይጠራብኛል ብላ ስሙን በደረጃው ላይ አንስታው አታውቅም። አሁን እውነቱን ስትናገር ሌሎች በውሸት በልተው የጨረሱት ነገር ሆኖ አገኘችው። ማልቀስም አልቻለችም። ክሩን ከአንገቷ አወጣችና ቁልፉን ፊሽካ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ልቀቁኝ አላልኩም። እኔን ውሰዱኝ። አንቺ ሂጂና ክፈቺው። ከባንኩ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ግቢ፣ የመጨረሻዋ በር ናት። በቀኝ ጎኑ ነው ያስተኛሁት፤ ወደ ግራ አገላብጪው። ግራው ስለማይሰማው እጁ ሥሩ እንዳይቀር አውጪለት። ውሃ ስትሰጪው ማጅራቱን ያዢው፤ ሳትይዢ እንዳትሰጪው፣ ትን ይለዋል። ቶሎ ቶሎ አታጠጪው። ጀርባው ላይ የቆሰለች ቦታ አለች፤ እሷን አንሶላው እንዳይነካት ጨርቅ አለ፣ ትራሱ ሥር ነው…»

አላቆመችም። ማቆም ፈራች። ፊሽካ እጇ ላይ ያለውን ቁልፍ አየችው፤ ከምርቃት አንገት ስለወጣ ገና ይሞቃል። ለልመና የተፈጠረ በሽተኛ በየትኛው ጎኑ እንደተኛ የሚናገር ሰው አጋጥሟት አያውቅም። ተነስታ የሹፌሩን ጋቢና በቡጢ ደበደበች።

«አዙረው! ኧረ አዙረው!»

ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሲቆሙ ምርቃት እየተደናቀፈች ሮጠች። ከበሩ ውጭ ሆና ጠራችው። መልስ የለም። እንደገና ጠራችው። ቁልፉን ይዛ የደረሰችውና የከፈተችው ፊሽካ ናት።

ባሏ ከፍራሹ ተንሸራቶ ግማሽ አካሉ ወለሉ ላይ ነበር፣ ፊቱም ወደ ግድግዳው። የውሃው ኩባያ ትንሽ ራቅ ብሎ ተደፍቷል። ምርቃት ጮኸች። ያን ጊዜ ቀኝ እጁ ተንቀሳቀሰ። «መጣሽ?» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ውሃ አምሮኝ ነው እንጂ ምንም አልሆንኩ።»

ሁለቱ ተጋግዘው አነሱት። ፊሽካ ሳትነገራት ማጅራቱን ደገፈችው። እሱ ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው የደንብ ልብሷን ነው። በቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ሚስቱ የደንብ ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር መጣች። ፊቱ ተለወጠ።

«ከባንኩ ነሽ፣ ልጄ? ምን አጥፍታ ነው?»

ምርቃት የፊሽካን አፍ ነበር የምታየው። ከዚያ አፍ አንድ ቃል ብትወጣ ባሏ ሁለተኛ ጊዜ ከፎቅ ወደቀ ማለት ነው። በሕይወቷ እንዲያ ፈርታ አታውቅም።

ያ «ለምኖ ከመብላት» ይል የነበረ ሰው የቀረችውን አንዲት እጁን ወደ ፊሽካ ዘረጋት። መዳፉን ገልብጦ። «አደራሽን፣ ልጄ፣ ከሥራዋ አታስወጧት። ወለሉን ሳትጨርስ የምትወጣው ለኔ ብላ ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። በእናትሽ፣ ለአለቃሽ ንገሪልኝ። እለምንሻለሁ።»

ውጭ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ፊሽካ የተዘረጋችውን እጅ አየች፤ ምርቃትን አየች።

«አናስወጣቸውም፣ አባባ። የሚሠሩበትን ቦታ ብቻ ነው የምንቀይርላቸው።»

በሩ ላይ ምርቃትን ጠርታ በጆሮዋ ነገረቻት። «ደረጃው ላይ እንዳላይዎ፣ እናቴ። ነገ የሚወጣው ሌላ ሰው ነው። እሱ መኪና አያስዞርም።» ቁልፉን መለሰችላትና ሄደች። መኪናውም የቀሩትን ይዞ ሄደ፤ ክራንች ያለውን ሰውዬ ጨምሮ።

ምርቃት ኩባያውን ሞልታ መጣች። ነገ የት እንደምትቀመጥ አታውቅም። ማጅራቱን ደግፋ ኩባያውን አፉ ላይ አደረገችለት። ባሏ ሁለቴ ተጎነጨና እፎይ ብሎ ትራሱ ላይ ተጋደመ። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«አየሽ?» አላት። «ሰው እኮ ሲለምኑት ይሰማል። አንቺ ነሽ መለመን የማታውቂበት።»