የሳይለንሰሬ ፈቃድ መጣ፣ እኔ ግን ካሊፎርኒያ ነኝ

ዛሬ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ምሳ እየበላሁ ላስ ቬጋስ ያለው መሣሪያ ሻጭ ደወለ። «እንኳን ደስ አለህ! የሳይለንሰርህ ፈቃድ መጣ!»

አመስግኜ ዘጋሁት።

ቬጋስ ስኖር ለአደን ጠመንጃዬ ሳይለንሰር፣ ማለትም የድምፅ ማፈኛ፣ የፈለግኩት ተኩስ ግራ ጆሮዬን ስለጎዳው ነው። ለመምረጥ ብቻ ሁለት ወር ፈጀሁ። ከዚያ ለፌዴራል መንግሥት አፕላይ አደረግኩ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ ጠበቅኩ።

ከስምንት ወር በኋላ ማመልከቻዬ ውድቅ ሆኖ ተመለሰ። እንደ አገሬ ልማድ ስሜን እስከ አያቴ ሞልቼው ነበር፤ መንጃ ፈቃዴ ላይ ግን አያቴ የሉበትም! ሶ፣ አያቴን አውጥቼ እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ።

በዚህ መሃል ሥራ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ቫን ናይስ አመጣኝ። እዚህ ደግሞ ሳይለንሰር ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ጭራሽ ክልክል ነው። ይኸው ቬጋስ ሻጩ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል።

አብረውኝ የሚበሉት ጋሼ ሙሉጌታ፣ የአክስቴ ባል፣ ነገሩን ሰምተው ሳቁ። «እኛ አገር የሚተኮሰው እንዲሰማ ነው። አንተ እንዳይሰማ ብለህ ይህን ሁሉ ደጅ ጠናህ?»

እኔን ያንገበገበኝ ግን ማፈኛው አይደለም። ለማልነካው ብረት ብዬ አያቴን በገዛ እጄ ሰረዝኳቸው።

እናንተስ፣ ለወረቀት ብላችሁ ማንን ሰረዛችሁ?