አባባን በጭቃ

ለንደን፣ ኬኒንግተን ሰፈር፣ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ያለውን ጋራዥ የሥራ ቤታቸው ያደረጉት ቀራፂ ኖርዌያዊት ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው በዚያው ቀሩ፤ እንደኛው ማለት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረው፣ ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ወደ ሸክላ ጭቃ ዞሩ። አንድ ቀን አውቶቡስ ስንጠብቅ አባባ ላይ አፈጠጡና፣ «ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ይህን ፊት ልሥራው፤ የመጨረሻዬ ነው» አሉኝ። ስተረጉምለት አባባ፣ «ከእኔ የተሻለ መልክ አጥተው ነው?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው ስለማላውቅ ቶሎ ብዬ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤው እወርዳለሁ። ጭቃው እንዳይደርቅ ሂተር ስለማያበሩ አባባ ከነካፖርቱ ይቀመጣል። ይቀመጣል ካልን ነው! ሴትየዋ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ብድግ። እርጥብ ጨርቅ ይዘው ሲገቡ ብድግ፤ ያውም ባርኔጣውን አንስቶ፣ ጎንበስ ብሎ። ተመልሶ ሲቀመጥ አንገቱ ሌላ አንገት ነው። እሳቸውም ያበጁትን ጉንጭ አፍርሰው እንደገና ይጀምራሉ።

«ንግሥት አይደለሁም በይው እባክሽ» ይሉኛል።

«አባባ፣ ሪላክስ አድርግ በቃ! ሥራቸውን እያበላሸህባቸው እኮ ነው።»

«ትልቅ ሰው ቆመው እኔ ልንሰራፋ? አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ እንዴ?»

ደሜ ይፈላል። የሴትየዋ ዓይን በየሳምንቱ እየደከመ፣ የእሱ ይሉኝታ ግን ፍንክች አይልም።

ብርዱ ሲጠና፣ አፍንጫውን ጨርሰው ዓይኑ ላይ ሲደርሱ፣ የእሳቸው ዓይን እምቢ አለ። መሣሪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ፣ «በእጄ ባየው ቅር ይለው ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ።

ለአባባ ስነግረው አፍሬ ነበር። እሱ ግን ባርኔጣውን አወለቀ፣ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን ጨፈነ። ጭቃ የነካው ጣታቸው ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ቆብ፣ ከዚያ ወደ ጉንጩ ወረደ፤ ደግሞ ወደ ሸክላው፣ ደግሞ ወደ እሱ። ሴትየዋ ውኃ ሊቀዱ ወጡ፣ ገቡ፤ አባባ ንቅንቅ አላለም። በዚያው ቀን ጨረሱ። ሁለቱም እንባቸው ሲወርድ እኔ የምተረጉመው አልነበረኝም።

ወደ ቤት ስንወጣ ደረጃው ላይ፣ ጉንጩ ላይ የቀረውን ጭቃ ልጠርግለት ሶፍት ሳወጣ እጄን ያዘኝ።

«ተይው» አለኝ፤ «እናትሽ ከሄደች ወዲህ ፊቴን የነካው ሰው የለም።»

ሶፍቱን ኪሴ ከተትኩና እጄን ጉንጩ ላይ አሳረፍኩ።