ላውዱ እንቢ ያለው ስልክ

አዛውንቱ በዚህ ሳምንት ወደ ሞባይል ጠጋኙ ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። ኮታቸው አርጅቷል፣ ግን በደንብ ተተኩሷል። ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከመሀረብ ፈትተው፣ የታመመ ሕፃን ለሐኪም እንደሚያሳይ ሰው በሁለት እጃቸው አስረከቡት።

«ላውዱ ዛሬም እንቢ አለ፣ ልጄ።»

ጠጋኙ አንጀቱ አረረ። ሰኞ የላውዱን ድምፅ ማውጫ በብሩሽ ጠርጎታል፤ ረቡዕ ደግሞ በአዲስ ቀይሮታል። የጀርባ ክዳኑን ከፍቶ ሲደውልበት ሁለቱንም ቀን ጆሮ እስኪበሳ ጮኋል።

«አባባ፣ ጆሮዎ ላይ አድርገው ቢያወሩበትስ? በዚያ በኩል እኮ ጤነኛ ነው።»

«ልጃችን ሲደውል ለብቻዬ ሰምቼ እናቱን ምን ልበላት?»

ደረቅ ሰው ናቸው እያለ በሆዱ እያጉረመረመ፣ ዛሬ ክዳኑን ሳይከፍት ደወለ። ስልኩ አፉን እንደታፈነ ሰው አቃሰተ። ገልብጦ ሲያየው ድምፅ የሚወጣባቸው የክዳኑ ቀዳዳዎች በሙሉ ተደፍነዋል።

«ይሄን ማን ነው የደፈነው?»

«እኔው ነኝ። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ሻማ አንጠባጠብኩበት።»

«እና ይሄን ሰኞ ዕለት አይነግሩኝም ነበር?»

«አልጠየቅከኝማ።»

ጠጋኙ ጥርሱን ነክሶ ሰሙን በመርፌ ፈለቀቀና ደወለ። ቤቱ በጩኸት ተሞላ። አዛውንቱ ግን ስልኩን ወደ ጆሯቸው አላስጠጉትም። የደንበኞች አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያም ተንበርክከው ጉንጫቸውን ትራስ ላይ እንደተኛ ሰው ወንበሩ ላይ አሳረፉ።

«አሁን ድገመው» አሉ። «እሷ አልጋዋ ላይ ከተኛችበት ሆኜ ልስማው።»