ድምፅ የሌለው ምርቃት

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አዲስ አበባ ፊልም ሥራ እማር በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬም አንድ ሽማግሌ ለምርቃት እጁን ሲዘረጋ ሳይ አባቴ ትዝ ይሉኛል።

የመመረቂያ ፊልሜ ስለ አባቴ ነበር። አባቴ መንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ ባለች ደብር መሪጌታ ነበሩ። የእኔን ትምህርት "የጥላ ጨዋታ" እያሉ ያሾፉበታል፤ እንቅረጽዎ ሲባሉ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የለበሱት።

የተዋስነው ካሜራ ድምፅ አይቀዳም። ድምፁን ጓደኛዬ ዳዊት በሌላ መቅጃ ይይዛል። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን ለማገናኘት ከንግግሩ በፊት አንዴ ይጨበጨባል፤ እጅ ሲጋጭ የሚታይበትን ምስልና "ጧ" የሚለውን ድምፅ አንድ ላይ ካደረግን ሌላው በራሱ ይገጥማል። ዳዊት እጁን ሲያነሳ አባቴ ተቆጡ።

"በሁዳዴ ጭብጨባ? ከበሮው እንኳ ተሰቅሎ! እኔ ደጅ አይሆንም!"

አባቴ አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው። ሳናጨበጭብ ቀረጽን። ተናግረው ሲጨርሱ ዳዊት መቅጃውን ዘጋ። አባቴ ግን ሰው ሳይመርቁ አይሸኙምና ተነስተው እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። ካሜራው ገና አልጠፋም ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አባቴ ታመው እንኳ ሳይሰነብቱ ዐረፉ።

ከለቅሶ ተመልሼ ፊልሙን ማቀናበር ጀመርኩ። ጭብጨባ የለም፤ የያዝኩት የአባቴን ከንፈር ብቻ ነው። "መ" ወይም "በ" ሲሉ ከንፈራቸው ይገጥማል፤ እዚያ ላይ ድምፁን ወደፊትም ወደኋላም እየገፋሁ እሞክራለሁ። ትንሽ ሲዛነፍብኝ ሌላ ሰው ይሆኑብኛል። ሲገጥም ደግሞ በሕይወት ያሉ ይመስለኝና አለቅሳለሁ። አፈር አልብሼ የመጣሁትን አባቴን በየቀኑ እቀሰቅሳቸው ነበር።

በመጨረሻ ምርቃቱ ላይ ደረስኩ። ድምፅ የለውም። ከሌላ ቦታ ቃል እየለቀምኩ ላስገባበት ሞከርኩ። ውሸት ሆነብኝና ተውኩት።

ለተዝካራቸው ስሄድ ላፕቶፕ ተውሼ ለእናቴ አሳየኋት። ድምፃቸውን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። ምርቃቱ ሲመጣ ልዘጋው እጄን ሰደድኩ።

"ይሄ ድምፅ የለውም፣ እማዬ።"

"ተይው!" አለችና ብድግ አለች። የአባቴ ከንፈር ተንቀሳቅሶ ሲያርፍ፣ "አሜን" አለች። እንደገና ሲያርፍ፣ "አሜን።" አንድም አላለፋትም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀበለው የኖረችው ምርቃት ነው።

"ምን እያሉ ነው?" አልኳት።

"ምርቃት እየወረደ ወሬ የለም። አሜን በይ!"

ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ እምቢ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የስንቱን ሰው ድምፅ ከምስሉ ጋር ገጥሜያለሁ፤ እንጀራዬም እሱው ሆኗል። እናቴም አሁን የለችም። አልፎ አልፎ ያቺን ፊልም እከፍትና አባቴ እጃቸውን ሲዘረጉ ብድግ እላለሁ። ብቻዬን አሜን እላለሁ። አንዳንዴ እቀድማቸዋለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እዘገያለሁ።