ለመቻል የተባለ ይግባኝ

ልጅ ሳለሁ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ቦንጋ ውስጥ መብራት መጣ ሄደ ይል ነበር፤ ያኔ እኛ ቤት መብራት በመጥፋቱ የሚያዝን ልጅ አልነበረም። ኩራዙ ይለኮሳል፣ ፍሙ ይቆሰቆሳል፣ አብረውን የሚኖሩት የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ አዳነም ጉሮሯቸውን ጠርገው ተረት ይጀምራሉ።

አብልጬ የምወደው የቁልቋልን ተረት ነበር። ቁልቋል ውሻን «ና፣ ወተት አለኝ» ብሎ ይጠራዋል፤ የዋሁ ውሻ ይልሳል፣ አፉ ይቃጠላል፣ ቁልቋልን ይከሳል። ዳኛው አንበሳም ሲሰበር ወተት የሚያወጣ ተክል ሁሉ የውሻ ጠላት፣ ውሃ የሚያወጣ ሁሉ ወዳጁ ይሁን ብሎ ይፈርዳል። እኛ ቤት ይህ ፍርድ እንደ ሕግ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ፣ ተዛውራ የሄደች የሥራ ባልደረባዋ የተወችላትን አበባ ይዛ መጣች። በወተት ጣሳ የተተከለ፣ ቅጠሉ እንደ ሕፃን ጣት ድብልብል ያለ ነው። ውሻችን መቻል ደግሞ ማታ ከእንሰቱ ጀርባ ያለውን በቆሎ ከከርከሮ ይጠብቃል፣ ቀን ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። እናቴ በረንዳው ላይ ባኖረው ውሻውን አይጎዳውም ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሽ አዳነ አንድ ቅጠል ቀነጠሱ፤ ጠብ ያለው ጥርት ያለ ውሃ ነበር። አትስጊ አሏት።

ብዙም ሳይቆይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጣሳው ተጋድሞ፣ ከአበባው ግንዱ ብቻ ቀርቶ አገኘሁ። መቻል ሲያስመልሰው ውሏል፤ ልነሳ ሲል እግሩ ይከዳዋል። ከርከሮ የማይፈራው ውሻ ስሙን ስጠራው ጭራውን እንኳ አልቆላም። የሚሞት መስሎኝ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ማታ የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው የቁልቋልን ተረት ጠየቁ። አንበሳው ሊፈርድ ሲል ብድግ አልኩ። ትልቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥ እኛ ዘንድ የማይታሰብ ነው፤ የምናገረውን ቃል ግን የተማርኩት ከእሳቸው ሌሎች ተረቶች ነበር።

«ጋሼ፣ ይግባኝ» አልኩ። «ፍርዱ ልክ አይደለም። መቻልን ያሳመመው ውሃ የሚያወጣው ነው።»

እናቴ አፈጠጠችብኝ። ጋሽ አዳነ ወጥተው መቻልን ዳብሰው ተመለሱ።

«ይግባኟን ተቀብለናል» አሉ። «ፍርዱ ለነገ ይቀጠር።»

መቻል ሌሊቱን እንደምንም አለፈ። ጠዋት ውሃ ላሰ፣ ማታ መሃላችን ገብቶ ተኛ። ጋሽ አዳነም ተረቱን ከመጀመሪያው አነሱት። አንበሳው ሊፈርድ ሲል አንዲት ትንሽ ልጅ ተነስታ ይግባኝ አለች፤ አንበሳውም ፍርዱን አሻሻለ፦ ወተትም ያውጣ ውሃ፣ የማታውቁትን ተክል ውሻ ከማይደርስበት አኑሩ። ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ ጭንቅላቴ ጣራውን የነካ መሰለኝ። የኮራሁት በራሴ ብቻ አልነበረም፤ በልጅ ቃል ተረታቸውን ባረሙት በአጎቴም ጭምር ነበር።

ጋሽ አዳነ ካረፉ ቆይተዋል። በቅርቡ ቦንጋ ወንድሜ ቤት ሳመሽ፣ ትንሿ ልጁ ለጓደኞቿ የቁልቋልን ተረት ስታወራ ሰማሁ። የእናቷ አበባዎች መስኮቱ ላይ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ ቡችላው ከሥር ተኝቷል። «አንዲት ልጅ ተነሳችና ይግባኝ አለች» ስትል ድምጿን ከፍ አደረገች። ያቺ ልጅ ማን እንደሆነች አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም፤ ጀርባዬን ቀና አድርጌ እንደ ማንኛውም ሰሚ ፍርዱን ጠበቅሁ።